ቪትዝን በ3 ሳንቲ ዝቅ ማድረግ፦ ሞላውን ግቢ ውስጥ መቀየር ይቻላል?

የጣና_ቪትዝ
ሰላም ቤተሰብ። መኪናው የ2007 ቪትዝ ነው፣ 1.3 ሞተር፣ ጎማው 165/70 ባለ 14። ፊትም ኋላም 3 ሳንቲ የሚያወርድ አዲስ ሞላ አለ። አሞርዛተሮቹ የፋብሪካ ናቸው፣ ዘይት አያፈሱም። ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሣ መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ)፣ ቡሶላና ቁልፍ ሙሉ ነው። ሥራው ባሕር ዳር፣ ግቢ ውስጥ ይሆናል። የፊቱ ሞላ ያለ መጭመቂያ ይወጣል? «ነባሩን አንድ ዙር ቆርጠህ መልሰው፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። በዚህ ከተማ ጉብታና ኮብልስቶን ላይስ 3 ሳንቲ ይከብዳል?

ቡሶላ17
መቁረጡን እርሳው። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ገጥሞ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የተቆረጠ ጫፍ መቀመጫውን እየበላ ይንሸራተታል። በኦክሲጅን ከተቆረጠማ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ አንድ ቀን ከዚያው ጋ ይሰበራል። ነባሮቹን ግን አትሽጣቸው፣ መኪናውን ስትሸጥ ይፈለጋሉ።

የፊቱን ያለ መጭመቂያ አትንካው። ቪትዝ ፊት ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ታስረው ነው ያሉት፤ ሞላውን ጨቁና የያዘችው ከላይ በኩል ያለችው የመካከል ዳዶ ናት። ሳይጨመቅ ከተፈታች የላይኛው መያዣ ከነሞላው ይፈነጠራል፣ ሰው ላይ ካረፈ ይገድላል። በሽቦ አስሮ መፍታት የሚባለውንም አትስማ። ሁለት ክንድ ያለው መጭመቂያ ተከራይ፤ ክንዶቹን ትይዩ አስገባ፣ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ሌላውን ጥቂት ዙር እያልክ በእጅ አጥብቅ። በንፋስ ቁልፍ አይሆንም። ሞላው መቀመጫው ላይ ልል ሆኖ በእጅ መንቀሳቀስ ሲጀምር ብቻ የላይኛዋን ዳዶ ፍታ። እሷንም ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ጫፉን ይዘህ በእጅ ቁልፍ ነው፤ የንፋስ ቁልፍ ዘንጉን እያሽከረከረ የአሞርዛተሩን ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) ያበላሻል፣ ከዚያ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል።

መሬቱን አስብበት። ክረምት ላይ የባሕር ዳር ግቢ አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ካቫሌቶ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ መኪናውም ያጋድላል። ሲሚንቶ ወለል ከሌለ ከእያንዳንዱ ካቫሌቶ ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው አካል ሥር አጋድመህ ተወው፤ ካቫሌቶው ቢከዳህ መኪናው የሚያርፍበት ይኖራል።

ከኋላው ጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ቪትዝ ኋላ ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ የተለያዩ ናቸው። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግድ፣ የኋላውን አካል አንስተህ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጥ፣ ክሪኩን ወደ አክሱሉ አዛውርና ደግፈው። አክሱሉ አንድ ወጥ ስለሆነ የግራውንም የቀኙንም አሞርዛተር የታችኛ ቡሎን ፍታ፤ የአንዱ ብቻ ከተፈታ አይወርድልህም። ከዚያ ክሪኩን በዝግታ አውርድ። ዓይንህ የፍሬን ቱቦው፣ የእጅ ፍሬን ገመዱና የኤቢኤስ ሽቦው ላይ ይሁን፤ ከተወጠሩ ቁም፣ መያዣቸውን ፍታ። ሞላው በእጅ ይወጣል። ከላይና ከታች ያሉትን የጎማ መቀመጫዎች ወደ አዲሱ አዛውራቸው፣ የሞላውን ጫፍም መቀመጫው ላይ ካለው ደረጃ ጋር አገናኘው። ጫፉ ደረጃው ላይ ወጥቶ ከተቀመጠ በየጉድጓዱ «ቋ» ይላል፣ መኪናውም በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ይቀራል።

አንድ ፍተሻ አትዝለል፦ ቡሎኖቹን መልሰህ አክሱሉን ተንጠልጥሎ ተወውና ሞላውን በእጅህ ነቅንቀው። መንቀል ከቻልክ ሞላው ለዚያ አሞርዛተር አጭር ነው። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከቦታው ይወጣል ማለት ነው፤ አትንዳው።

ፊት ላይ መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያው ከነፕላስቲክ ሽፋኑ ይነሣል፣ የላይኛው መያዣ ከሥሩ ነው። ከዚያ የፍሬን ቱቦ መያዣና የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ ማያያዣ) ይፈታሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ትላልቅ የታች ቡሎኖች። ከመፍታትህ በፊት ቡሎኖቹ የተቀመጡበትን በሹል ነገር ጭረህ ምልክት አድርግ። ሲፈቱ የጎማው መያዣ ወደ ውጪ እንዲወድቅ አትፍቀድለት፣ በሽቦ እሰረው፤ አለበለዚያ የፊት ጎማውን የሚያዞረው አክሱል ከካንቢዮው በኩል ካለው መገጣጠሚያ ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦውም ይጎዳል። የላይኛውን ኩሽኔታ በእጅህ አዙረው፤ ካንገራገረ አሁኑኑ ቀይረው፣ ለሱ ሲባል ይህን ሁሉ ደግሞ መፍታት ሞኝነት ነው። ዝገት ካለ ሌሊቱን ዝገት ማላቀቂያ ረጭተህበት ይደር።

ዋልካ_መንገድ
የጉብታውን ጥያቄ ልውሰድ። ቪትዝ ሳይነካ ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 14 ሳንቲ ነው፤ 3 ሲቀነስ 11 ይቀራል፣ ያውም ባዶ መኪና ሆኖ። ኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ የሚቀረውን አስበው። መጀመሪያ የሚነካው የጭስ ቱቦውና ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ነው። ለአስፋልቱ ግድ የለም። የቀበሌ ኮብልስቶን መሃሉ እየጎበጠ ነው የሚያስቸግረው፣ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በዚያ በኩል ቶሎ ቶሎ የምትመላለስ ከሆነ 3 ሳንቲ እኔ አልመክርም፣ 2 ይበቃል።

ሰው የማያስበው ግን ከፍታውን ሳይሆን የአሞርዛተሩን ጉዞ ነው። ዘንጉ ላይ ማቆሚያ ጎማ አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ ዘንጉ እስከዚያ ጎማ ድረስ 7 ሳንቲ ቢቀረው፣ አሁን 4 ብቻ ይቀረዋል። እያንዳንዱ ጉብታ ማቆሚያውን ይመታል፤ ሾፌሩ «ሞላው ደረቀ» ይላል፣ ደረቅ ያለው ማቆሚያው ነው። ከሞላው ጋር የመጣው ወረቀት ማቆሚያውን ቁረጥ ካለ በሚለው ልክ ብቻ ቁረጥ፤ ጨርሶ ካወጣኸው አሞርዛተሩ ብረት ለብረት ይመታና ያልቃል። ነባሩ አሞርዛተር ደግሞ ለለስላሳ ሞላ የተሠራ ስለሆነ ዕድሜው ያጥራል። አሁን አያፈስም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ፈትተህ በእጅ ስትገፋው ያለ ተቃውሞ ከገባ ለአጭር ሞላ የተሠራ ግዛለት።

ሌላው በብረቶቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ጉዳይ ነው። የታችኛው ክንድ፣ የኋላ አክሱሉ የፊት ማሰሪያና የኋላ አሞርዛተር ጎሚኒዎች ቡሎናቸው የጠበቀው መኪናው በነባሩ ከፍታ ላይ ሳለ ነው። ሳታላላቸው ከተውካቸው በአዲሱ ከፍታ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዙ ይኖራሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ቡሎኖቹን አላላ፣ መኪናውን በጎማው አቁመህ ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ግፋው፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ እዚያው መሬት ላይ ሆኖ አጥብቅ። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል።

የጣና_ቪትዝ
እግዜር ይስጥልኝ። ለአላይመንት (ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ወዲያው ልውሰደው ወይስ ሞላው ጥቂት ይረፍ? ደግሞ አዲሱ ሞላ አጭር ነው፣ የመጭመቂያው ክንድ ቢጠበው?

ቴስቲና
ጎማው በዓይን ሲታይ የዞረ ከሆነ ወዲያው። ካልሆነ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ ሞላው ሲያርፍ ውሰደው። ሲወርድ የፊት ጎማ አናቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ጎማ በፍጥነት የሚበላው ግን በአብዛኛው እሱ ሳይሆን የመሪ ዘንጎቹ አንግል ሲቀየር የሚመጣው የአቅጣጫ መዛነፍ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን የጫፍ መገጣጠሚያዎች) ነቅንቃቸው፤ ከላሉ አላይመንቱ ሳምንት አይቆይም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ከሆነ የግራና የቀኝ ዘንጉ ጥርስ እኩል መግባቱን ቁጠር። ማጋደሉ ከበዛ፣ ከሁለቱ ትላልቅ ቡሎኖች በአንዱ ምትክ ቀጠን ያለ ቡሎን አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ቶዮታ ለዚሁ የሚሸጠው አለ። ኋላው የሚስተካከል አይደለም።

ስለ መጭመቂያው አትጨነቅ። አጭር ሞላ ሲገጠም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የሚጨመቀው፤ አንዳንዱ ዳዶው በእጅ ብቻ ጥርሱን ይይዛል። በትክክል መጨመቅ ያለበት የምትፈታው ነባሩ ነው።