ዲኮድ «መፍታት» ከሆነ ኢንኮድስ ምን ይባል?

ሰላም የቋንቋ ሰዎች፣ ለጀማሪ የሚሆን የተርሚናል (ትዕዛዝ እየጻፍን ኮምፒውተር የምናዝበት መስኮት) ማስታወሻ በአማርኛ እየጻፍኩ ቤዝ64 የምትባለው ትዕዛዝ ላይ ስደርስ ተያዝኩ። ማንኛውንም ፋይል ወደ ተራ ፊደላት ትቀይራለች (ኢንኮድ)፣ መልሳም ወደ ነበረበት ታመጣለች (ዲኮድ)። ዲኮድን «መፍታት» ብዬ አለፍኩት፣ ኢንኮድን ግን «ማመስጠር» ልበለው?

— በናትህ እንዳትል! እሱ የኢንክሪፕሽን፣ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ የመደበቅ ቃል ነው። ቤዝ64 ቁልፍ የለው ምስጢር የለው፣ ትዕዛዟ ላይ ሰረዝ ዲ (ዲኮድ አድርጊ ማለት ነው) ብሎ የጻፈ ሁሉ ይመልሰዋል። እኔ ራሴ አንዴ ፓስወርድ በሱ ቀይሬ ኮንፊግ ፋይል (የፕሮግራም ማስተካከያ የሚጻፍበት) ውስጥ ከትቼ ተደበቀ ብዬ በሰላም ተኝቻለሁ፣ ጥፋቱ ግማሹ የቃሉ ነው (ግማሹ የኔ)።

— «መፍታት» ካልክማ ጥንዱ አለልህ እኮ፣ «መቋጠር»። የተቋጠረ ይፈታል፣ የተቆለፈ ይከፈታል። ቋጠሮ ጣት ላለው ሁሉ ነው። ኢንኮድ መቋጠር፣ ኢንክሪፕት መቆለፍ፣ አለቀ።

— አላለቀም 😄 ሲቋጠር የሚያንስ አይመስልም? ይሄ ደግሞ 3 ባይት ገብቶ 4 ፊደል ነው የሚወጣው፣ ሲሶ ያህል ያብጣል። አንባቢው ዚፕ ማድረግ ነው ብሎ ይወስደዋል። «ቂም ቋጠረ» የሚለውም አለ፣ እሱ ደግሞ ድብቅ ነገር ነው።

— ቂሙን ተወውና «ስንቅ ቋጠረ» የሚለውን እይ። ስንቅ የሚቋጠረው እንዲያንስ አይደለም፣ ሳይበተን እንዲደርስ ነው። ቤዝ64ም ኢሜይል ላይ በፈረንጆቹ 1992 ማይም በሚባለው የኢሜይል ስታንዳርድ የገባው ለዚሁ ነው፣ መንገዱ ተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፣ ፎቶ እንዳለ ብትልክበት ተበላሽቶ ይደርሳል፣ ስለዚህ በ64 ፊደል ቋጥረህ ትልከዋለህ እዛ ይፈታል። የኛ ፊደል ላይማ ያምራል፣ በዩቲኤፍ8 (ኮምፒውተር ፊደልን በባይት የሚያስቀምጥበት መንገድ) አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ልክ 4 ፊደል ይወጣዋል፣ ሀ በል ፐ በል በ4 ቁጥርና በትልቁ ዋይ ነው የሚጀምረው፣ ባይቱ ለ3 እኩል ሳይካፈል ሲቀር መጨረሻ ላይ የሚጨመረው የእኩል ምልክት ማሟያ እንኳን አያስፈልገውም።

— አሁን ሞከርኩት ግን «ሰላም» 12 መውጣት ሲገባው 16 ወጣ፣ መጨረሻውም ላይ ሁለት የእኩል ምልክት አለ?

— ጽሑፉን የሰጠኸው ኤኮ በምትባለው ትዕዛዝ ነዋ፣ እሷ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ትጨምራለች፣ አዲስ መስመሩን አብሮ ቋጥሮብህ ነው። ኤኮ ላይ ሰረዝ ኤን ጨምርበት፣ አዲስ መስመሩን ያስቀራል።

— ሠራ። በቃ «መቋጠር» ብዬ ጻፍኩት።