ደን አፋፍ ላይ የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው፤ ለየትኛው ተመራጭ፣ ምን ብለን እንጻፍ?

ጥያቄ፦ አፋፍ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው የምንጽፈው። ከተፈጥሮ ደኑ አፋፍ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ከሚያድርበት ገደል አጠገብ፣ ለድንጋይ ካባ ቦታ ተለክቶ ችካል ተተክሏል። ስብሰባ አልተጠራም፣ ጥናት ያየም የለም። ነዋሪው ተሰብስቦ ተመራጮቹን በሕግ አግባብ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ደብዳቤው ለወረዳ ነው፣ ለዞን፣ ለባሕር ዳር ወይስ ለአዲስ አበባ? የትኛው ሕግ ይጠቀስ? ባለፈው በቃል የቀረበው አቤቱታ ውኃ በልቶታል፤ ይኼኛው እንዳይደገም ምን ይደረግ?

መልስ፦ ዝግባ
መጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል ነው፤ በአንቀጽ 52 በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልል ነው። ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ድንጋይ ፈቃድ የሚሰጠውም ክልሉ ነው። ስለዚህ ዋናው ደብዳቤ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ከእናንተ ምርጫ ክልል ለተመረጠው አባል በስሙ ይጻፍ። የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤም የራሱ ደብዳቤ ይድረሰው፤ የመሬቱ ጉዳይ በወረዳው እጅ ያልፋልና።

ዞኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ ደብረ ብርሃን ያለው አስተዳደር ነው። ለእሱ ግልባጭ ይበቃል። ግልባጩንም አታብዙ። አሥር ቦታ የተበተነ ደብዳቤ ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ብሎ ያስቀምጠዋል።

መልስ፦ ነጋሪት
ዋናው መሣሪያችሁ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። አንቀጽ 3 ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ጥበቃው አካል ሥራውን መፍቀዱን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያስገድደዋል። አንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና ጉዳቱ የሚያገኘው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ «ካባው ይቅር» ብላችሁ አትጀምሩ። «ግምገማው ተሠርቷል ወይ? ከተሠራ ሪፖርቱ ይሰጠን፤ አያስፈልግም ከተባለ ማን፣ በየትኛው ደብዳቤ ወሰነ?» በሉ። ተቃውሞን «ተመልክተነዋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ወረቀት ሲጠየቅ ግን ወይ ይሰጣሉ፣ ወይ የለም ብለው ይጽፋሉ፤ «የለም» የሚለው ደብዳቤ ለእናንተ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ነው። በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳይኖርበት፣ በአካባቢ ላይ የደረሰን ወይም ሊደርስ የሚችልን ጉዳት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ «ቆዩ፣ እየታየ ነው» የሚል የቃል ተስፋ ይዞ ሲጠብቅ 60ው ቀን ያልቃል። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ቁጠሩ።

ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ንዑስ 3 (ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት የመመከር መብቱ) ይበቃል። አዋጅ ይሻሻላልና ከመጻፋችሁ በፊት ያልተተካ መሆኑን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ፤ የተሻረ አንቀጽ መጥቀስ ደብዳቤውን ለመመለስ ሰበብ ይሆናል።

መልስ፦ ጓሳ ሣር
ስለ አውሬው ስትጽፉ ያለውን ብቻ ጻፉ። «ቀይ ቀበሮ ሊጠፋ ነው» የሚል ደብዳቤ ከጥድና ከዝግባ ደን ሲመጣ ባለሙያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥለዋል፤ ቀይ ቀበሮ የመንዝ ጓሳን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ሜዳ ላይ አይጥ የሚያድን እንስሳ ነው። የእናንተ ጉዳይ ጭላዳ ነው፤ እሱም ይበቃል። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ቀን ሣር ይግጣል፣ ማታ ገደል ላይ ያድራል። ግጦሹ ቢተርፍ እንኳ ገደሉ በድማሚት ከፈረሰ መንጋው ማደሪያ ያጣል። ለተመራጩ ይህን ነው ማስረዳት፦ ካባው 500 ሜትር ወደ ሜዳው ቢሸሽ ጉዳቱ ሌላ ነው።

ማስረጃውን እንዲህ ያዙ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ አመሻሽ ላይ፣ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ወደ ገደሉ የሚወርዱትን ቁጠሩ፤ ቀን፣ ሰዓትና የቆጣሪ ስም ይጻፍ። የችካሎቹን ቦታ በስልክ የቦታ መጠቆሚያ (ጂፒኤስ) መዝግቡ፤ ፎቶው ችካሉንና ገደሉን አንድ ላይ ያሳይ። ከካባው በታች ምንጭ ካለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ አሁኑኑ ለኩ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ምንጩ ቀነሰ» ቢባል የቀድሞው ልክ ከሌለ የሚያምን አይገኝም።

ሌላም አለ። ካባውን ማስቆም ብቻ ሳይሆን ደኑ ወሰኑ እንዲከለልም ጠይቁ። የመንዝ ሰው ጓሳን በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ግጦሽና አጨዳ የሚፈቀድበትን ጊዜ በጋራ በሚወስን ባህላዊ ደንብ፣ ዘመናት ጠብቆታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው። የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999ም በአካባቢ ሕዝብ የሚተዳደር የጥበቃ ቦታን ያውቃል። የዞናችሁ ምሳሌ ነውና በደብዳቤው ጥቀሱት።

መልስ፦ መዝገብ ቤት
ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ፦ ስለ አካባቢ ጥበቃ» የሚል ርዕስ ተመርቶ ተመርቶ ይጠፋል፤ «ጉዳዩ፦ የካባው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት እንዲሰጠንና እስከዚያ ሥራው እንዳይጀመር ስለመጠየቅ» በሉ። የመንገድና የማዳበሪያ ቅሬታ አትቀላቅሉበት። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይመታ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጡ። ባለፈው የጠፋው በዚህ ነው፦ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

ሦስት ተወካይ በቃለ ጉባኤ ምረጡ። ለክልሉ አባል ደብዳቤውን ካደረሳችሁ በኋላ በአካል ወይም በስልክ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ጉዳዩን በጉባኤ ለሚመለከተው የክልል ቢሮ ኃላፊ በጥያቄ መልክ ያቀርባል ወይ? የጉባኤውን ቀን ከአፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ እወቁ። ሕጉ ራሱ እንዲጠናከር ለፌዴራል ተወካያችሁ ከጻፋችሁ፣ የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። በሐምሌ የገባ ደብዳቤ ክረምቱን ይተኛል።

አፋፍ ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልን። መፈረም የማይችሉ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው፤ አሻራቸው ይሆናል?

መዝገብ ቤት
ይሆናል። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ከአሻራው ጎን ሙሉ ስምና ጎጥ፣ ያነበበላቸውም ሰው ስምና ፊርማ ይኑር። በእያንዳንዱ የፊርማ ወረቀት አናት ላይ «ጉዳዩ» የሚለው ዓረፍተ ነገርና ቀኑ ይደገም። ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ «ለምን እንደፈረሙ አያውቁም» ይባላል።