ኢንሱሊኑ በረዶ ሠራ! የእናቴን ኪኒን ልስጣት?

ቤቲ (ቱሉ ዲምቱ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የእህቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሠርቶ አደረ፣ አሁን ቀልጧል። ሌላ የለንም። እናቴም አያቴም ስኳር አለባቸው፣ እናቴ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። የዘር ስኳር በኪኒን ይያዛል ይባላል፤ ለዛሬ ልስጣት?

ሲስተር ሐ.፦ በፍጹም እንዳትሰጫት። የቀለጠውንም አትውጊያት፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ኃይሉ አይታመንም። ካርዷንና ብልቃጡን ይዛችሁ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የሽንት ኬቶንም (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ይታይላት። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ከሰበታ፦ ብልቃጡን ብርሃን ላይ እዪው፤ ደመናማው ኢንሱሊን ከተበላሸ ቢገለባበጥም አይዋሃድም፣ ፍርፋሪ ይታይበታል፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ መሳይ ይለጠፋል። ባይታይም አትጠቀሚበት። አዲሱን ከኋላ ግድግዳው ጋር አታስጠጊው፣ በረዶ የሚይዘው እዚያ ነው። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል።

ደረጀ፦ እናትና አያት ስላላቸው ብቻ «በኪኒን የሚያዝ ነው» ማለት ከየት መጣ? ዓይነት ሁለትም (በብዛት አዋቂዎችን የሚይዘው) በቤተሰብ ይሄዳል፤ የእናትና የአያቷ እሱ ሆኖ የእሷ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዶ/ር ነኝ፦ ደረጀ ልክ ነው፤ ቤቲ የሰማችውም ከሜዳ አልመጣም። ሞዲ የሚባል በአንድ ጂን ለውጥ የሚመጣ ስኳር አለ፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ኤችኤንኤፍ 1 አልፋ በሚባለው ጂን የመጣው በትንሽ መጠን ግሊቤንክላማይድ ዓይነት መድኃኒት ጥሩ ይያዛል። ግሉኮካይኔዝ በሚባለው ጂን የመጣው ደግሞ ከእርግዝና ውጭ ብዙውን ጊዜ መድኃኒትም አይፈልግም። ዓይነት አንድ (ሰውነቷ ራሱ ኢንሱሊን ማምረት ያቃተው) ከሆነች ግን ኢንሱሊን ማቆም ይገድላታል። ዕድሜዋስ? መቼ ጀመራት?

ቤቲ፦ 19 ዓመቷ ነው፣ በ14 ጀመራት። በቀን 12 ዩኒት ብቻ ነው። ኬቶን ተገኘባት ተብሎ አያውቅም።

ዶ/ር ነኝ፦ 5 ዓመት በዚህ ትንሽ መጠን ያለ ኬቶን መቆየቷ መመርመር አለበት። ሐኪሟን የጋድ አንቲቦዲ (ዓይነት አንድን የሚጠቁም) እና ሲ-ፔፕታይድ (ሰውነቷ ራሱ ኢንሱሊን ማምረቱን የሚያሳይ) የደም ምርመራ ጠይቁ። ሲ-ፔፕታይዱ በልታ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይቀዳ፣ ስኳሯም አብሮ ይለካ፤ ስኳሯ ከ70 በታች ሆኖ ከተቀዳ ያሳስታል። አንቲቦዲ ከሌለ፣ ሲ-ፔፕታይዱም ካለ፣ ያኔ የጂን ምርመራ ትርጉም ይኖረዋል። እስከዚያ ኢንሱሊኗ አይቋረጥ።

አልማዝ፦ ቤቲዬ፣ የቀለጠውን እንዳትወጊያት።

ሲስተር ሐ.፦ ምርመራው ይደርሳል። ወጣችሁ? ኬቶኑስ ታየ?