የሞተር ሽፋኑ ናሙና አልወጣ አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ለአነስተኛ የውሃ ፓምፕ የአሉሚኒየም ሞተር ሽፋን እየሠራሁ ነው። በብዛት ሲመረት በዳይ ካስቲንግ (የቀለጠ አሉሚኒየም በግፊት ወደ ብረት ሞልድ በማስገባት) ነው የሚሆነው። ግን የብረት ሞልዱ በጣም ውድ ነው፤ አንዴ ከተቀረጸ ማስተካከሉም ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 5 ናሙና ሠርቼ መፈተሽ አለብኝ።

ሞዴሉን በስሪዲ ፕሪንተር አወጣሁና በአሸዋ አስፈሰስኩት። የቀለጠው አሮጌ ፒስተን ነው። ግድግዳው 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሉሚኒየሙ ዳር ሳይደርስ ቀዘቀዘ። ሙቀት ማስወጫ ክንፎቹ ጫፋቸው ጎደሎ ሆነ። ግድግዳውን 4 ሚሊ ሳደርገው ሞላልኝ። ደስ ብሎኝ ቶርኖ ቤት ሮጥኩ። የቤሪንጉ መቀመጫ ሲላጭ ግን ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው! በጣም አዘንኩ።

ቀላጩ «ጋዝ ነው» አለኝ። እኔም ከእርጥብ አሸዋው የገባ ሃይድሮጂን ይመስለኛል፤ ፒስተኖቹም ዘይት ነበረባቸው። የቀለጠው አሉሚኒየም ውስጥ አርጎን ሳይነፋ ሃይድሮጂኑ እንዴት ይወጣል? አሸዋውን ማድረቅ ብቻ ይበቃል?

ከ6061 (የአሉሚኒየም ቅይጥ ዓይነት ነው) ሙሉ ቁራጭ በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚመራ መቅረጫ ማሽን፣ አስቀርጸው የሚሉኝ አሉ። ለልኬትና ለመገጣጠም ጥሩ ነው። ነገር ግን 6061 ከዳይ ካስቲንግ አሉሚኒየም ይልቅ በቀላሉ አይሰበርም። ናሙናው ፈተናውን አልፎ ዋናው ምርት ቢሰነጠቅስ? እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

የፕላስቲኩን ሞዴል በጄሶ ሸፍኖ፣ አቃጥሎ አውጥቶ በቦታው ማፍሰስ እንደሚቻል አውቃለሁ። በዚህ መንገድ 2.5 ሚሊ ግድግዳ ያስሞላ ሰው ካለ፣ ጄሶውን ስንት ሰዓት እንዳደረቀና አሉሚኒየሙን በስንት ዲግሪ እንዳፈሰሰ ይንገረኝ።