ዝናብ ላይ ዕቃ ስንሰበስብ ሃይሩፉ ውስጥ ውሃ እየገባ ተቸገርን

ባለ ሃይሩፍ (ጥያቄ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ የሠራሁለት ሃይሩፍ አለኝ። ከፖርቶመጋላው ላይ በጎን በሩ በኩል የሚዘረጋ ሸራም አለው፤ ከሥሩ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ቅዳሜ ዘጌ አካባቢ ጣና ዳር አደርን። ሌሊቱ ደህና ነበር። ንጋት ላይ ልንሄድ ስንል ዶፉን ለቀቀው። ሸራውን ስናወርድ ሆዱ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ግማሹ በበሩ ገብቶ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን እኛው በጫማችን አስገባነው። እርጥቡን ሸራ አልጋው ሥር ወትፈን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። አዲስ አበባ ስንደርስ መኪናው ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ለቡሄ ተመልሰን እንሄዳለን። እናንተ ዝናብ ላይ እንዴት ነው የምትሰበስቡት?

የመስክ ሾፌር፦
ወንድሜ፣ ተራውን ገልብጠኸዋል። ሸራው የመጨረሻ ነው። እሱ ተዘርግቶ እያለ ውስጡን ጨርስ፤ ፍራሹ ይጠቅለል፣ ምድጃው ይግባ፣ ልጆች ጋቢና ይቀመጡ። ከዚያ የጎን በሩን ዝጋ። ሳትዘጋው ሸራውን እንዳትነካ። ከመኪናው የራቀውን አንዱን ምሰሶ ብቻ ዝቅ ስታደርግ ውሃው በዚያ ጥግ ይወርዳል። እንዲያውም ገና ስትተክለው አንዱን ጥግ ዝቅ አድርገህ ብታስረው ሆድ አያወጣም። እርጥብ ሸራ ደግሞ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? ማዳበሪያ ውስጥ ክተተውና ፖርቶመጋላ ላይ እሰረው። እዚያ እንደፈለገ ይንጠባጠብ።

መንገደኛ፦
በክረምት ጣና ዳር መኪና ውስጥ ማደር! ባህር ዳር አልጋ ጠፋ እንዴ?

ባለ ሃይሩፍ፦
አልጋማ ሞልቷል። ልጆቹ ዓይናችንን ስንገልጥ የደንገል ታንኳ ካላየን ብለው ነው።

የልጆች እናት፦
እኔ ውሃውን የሚያስገባው ሰው ነው ባይ ነኝ። እኛ ጋ ውስጥ ያለ አይወጣም፣ ውጭ ያለ አይገባም። ባለቤቴ ውጭ ይበሰብሳል፣ እኔ ከውስጥ አቀብላለሁ። በሩ ላይ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ። ጭቃ የነካው ጫማ፣ ካስማው፣ ገመዱ፣ የዝናብ ልብሱ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ስንደርስ ሳፋውን አውጥቼ መድፋት ብቻ ነው። ለእሱ ደግሞ ደረቅ ልብስና ፎጣ በፌስታል ቋጥሬ ጋቢና አስቀምጥለታለሁ። አንዴ ረስቼው እስከ ዱርቤቴ ድረስ እየተንቀጠቀጠ ነዳ። እስካሁን ይወራብኛል።

የባህር ዳር ልጅ፦
ችኮላው ለምንድን ነው? ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጠዋት ቢወርድም ትንሽ ከታገሥከው ጋብ ይላል። አንድ ቡና አፍልተህ ጠብቀው። ይልቅ የምትቆምበትን ቦታ እይ። ጣና ክረምቱን እየሞላ ሄዶ ከፍ የሚለው መስከረም አካባቢ ነው፤ ሰኔ ላይ ያየኸውን ደረቅ ዳርቻ ነሐሴ ላይ አታገኘውም። ጥቁሩ ዋልካ ደግሞ ከራሰ እንኳን ሃይሩፍ ትራክተርም ይይዛል። ጠጠር ያለበት ከፍታ ላይ ቁም። ጫማችሁም ያን ያህል ጭቃ አያመጣም።

ባለ ጋራዥ፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔን ያልጣመኝ ሽታው ነው። አንዴ ፍራሽ ላይ የፈሰሰ ውሃ ብቻ አይመስለኝም። ምንጣፉን ገልጠህ ሥሩን በእጅህ ዳብሰው። ፖርቶመጋላው ሲገጠም ጣሪያው ተበስቷል? ብሎኖቹ ዙሪያ ሲሊኮን ከሌለ በዚያ ይገባል። ሌላው፣ በር ውስጥ በመስታወቱ በኩል ውሃ መግባቱ ያለ ነው። የሚወጣው በበሩ ታች ጠርዝ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ጭቃ ከደፈናቸው እዚያው ይታቆርና መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሰው ውስጥ አስቀምጥና በውሃ ጎማ ሞክረው። ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ ላይ ውጣ፤ ከላይ ከጀመርክ በየት እንደገባ አይለይም። ሲሊኮኑን ስትቀባ ቦታው ድርቅ ይበል። እርጥብ ላይ አይዝም።

ባለ ሃይሩፍ፦
ዛሬ ምንጣፉን ገለጥኩት። በጎን በሩ በኩል ያለውን ስፖንጅ ስጫነው ውሃ ተፋ። የበሩን ታች በጃንጥላ ሽቦ ስጎረጉረው መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ የሚሆን ውሃ እግሬ ላይ። ለካ የዘጌን ዋልካ ይዤው መጥቻለሁ! ጣሪያው ላይ 4 ብሎን አለ፤ ሲሊኮን ያለው 3ቱ ላይ ነው። ሳፋም ተገዝቷል። ፀሐይ ከወጣች ስፖንጁን አሰጣዋለሁ። ሽታው ይለቅ ይሆን?

የልጆች እናት፦
አይለቅም። ሁለት ሳምንት አስጥቼ አይቼዋለሁ። ጣለውና ሌላ አስገባ ወንድሜ።