መልስ፦ ልጃችንን ምትኬ ብንለውስ?

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስላለፈው ልጃችሁም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ውጭ አገር ሆናችሁ ለአዲሱ ልጃችሁ ስለምታወጡት ስም የጻፍሽልኝን ጥያቄ ያነበብኩት ደሴ ሆኜ ነው። ብዙ ዘመን ጀርመን ኖሬ ስለተመለስኩ፣ የአማትሽም የባልሽም ሐሳብ ይገባኛል።

አማትሽ ከሰኞ ገበያ ደውለው «ምትኬ በሉት» አሉ። የባልሽ የውጭ አገር የሥራ ባልደረቦች ደግሞ ትርጉሙን ሲሰሙ ደነገጡ። አልፈርድባቸውም። እዚያ ውጭ አገር ልጅ በሞተው ቦታ መጣ ከተባለ ገና ሲወለድ ሸክም የተጫነበት ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ ስም የሚያወጡት ለጆሮ ስለጣማቸው ወይም አያታቸውን ለማስታወስ ነው። የገዛ ስማቸውን ትርጉም የማያውቁም ሞልተዋል።

እኛ ዘንድ ግን ስም ቤቱ ያየውን ይናገራል። ካሳ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ ሲባል ጎረቤት ወዲያው ይገባዋል። እናቲቱን ቁስሏን እየነካካ አይጠይቃትም። ልጁም ዕዳ የለበትም፤ የተጽናናችው እናቱ ናት። ይህን ለባልሽ ባልደረቦች ብታስረዷቸው የሚገባቸው ይመስለኛል። ደግሞም እንዲህ የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። የናይጄሪያ ዮሩባዎች አያቱ ከሞተ በኋላ የተወለደን ወንድ ባባቱንዴ ይሉታል፤ አባት ተመለሰ ማለት ነው። የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው አሽከናዝ አይሁዶችም ለልጃቸው የሞተ ዘመድ ስም ይሰጣሉ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ግን አይሰጡም። የጋና አካኖች የሚያዩት ቀኑን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን ኮፊ የተባሉት ዓርብ ስለተወለዱ ነው።

«ስሙ ሃይማኖቱን አይናገርም» የሚለው የባልሽ ስጋት ለወሎ ልጅ የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። እዚህ የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም ቢሆን ማን ይገረማል? ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ክርስትና እስኪነሱ ድረስ መሐመድ አሊ ነበሩ። የአባታቸው ስም አሊ እንደሆነ ቀረ። የልጃችሁ የክርስትና ስም ደግሞ በ40 ቀኑ ለብቻው ይወጣለታል።

ከዚህ ይልቅ በደንብ የምትመክሩበት የመጨረሻው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የውጭው ፎርም ግን ይጠይቃል። አይስላንድ ብትሆኑ ኖሮ ግድ የላችሁም ነበር፤ እነሱም በአባት ስም ነው የሚጠሩት። የባልሽን ስም ከሰጣችሁት የሦስታችሁም የመጨረሻ ስም ይለያያል። ከልጁ ጋር ብቻሽን ስትጓዢ እናቱ መሆንሽን ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ የልደት ምስክር ወረቀቱ ከእጅሽ አይጥፋ። የአያቱን ከሰጣችሁት ወረቀቱ ከባልሽ ጋር ይገጥማል፣ አገር ቤት ሲመጣ ግን የአያቱ ልጅ ይመስላል። እኔ ብሆን የባልሽን እመርጣለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ግን መጀመሪያ መዝገብ ቤቱን ጠይቁ። በላቲን ፊደል የምትጽፉትም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዲት ፊደል ብትለይ በኋላ ማስተካከሉ አበሳ ነው።

አብሽሪ። ምትኬ በሉት፤ ለአማትሽም ራስሽ ደውለሽ ንገሪያቸው።