ከሱቅ የተገዛ የሻርክ ጥርስ፦ የሜጋሎዶን ነው ወይ? ሥሩስ የራሱ ነው?

ጠያቂ
ሰላም ወገኖች። «የግልገል ሜጋሎዶን ጥርስ፣ ሞሮኮ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የተሸጠ ቅሪተ አካል ነው፤ ሜጋሎዶን ከምድር የጠፋው ግዙፍ ሻርክ ነው። ከጫፉ እስከ ሥሩ ጥግ በሰያፍ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ከዋናው ሾጣጣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ትንሽ ሾጣጣ አለው። የሥሩ ግማሽ ቢጫ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። የምን ሻርክ ነው? እውነተኛ መሆኑንስ ሳልጎዳው እንዴት ልለይ? 10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ፣ 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛንና አሴቶን (ሙጫ የሚያሟሟ ፈሳሽ) አለኝ።

ባለሉፕ
ሜጋሎዶን አይደለም። የሜጋሎዶን ጠርዝ ዙሪያውን ደቃቅ የመጋዝ ጥርስ ስላለው ጥፍር ሲሄድበት ይንኮረኮራል። ልሙጥ ጠርዝ፣ የጎን ሾጣጣዎችና ወፍራም ሥር አንድ ላይ ከተገኙ ኦቶደስ ኦብሊከስ የሚባል የጠፋ ሻርክ ነው። ከሞሮኮ ለገበያ ከሚወጡት ትልልቅ ጥርሶች አብዛኛው እሱ ነው፤ የሚወጣውም በኩሪብጋ አካባቢ ካለው የፎስፌት ደለል ነው። ዕድሜው በግምት ከ60 እስከ 48 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ሜጋሎዶን የመጣው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሻጮች «ግልገል» እያሉ ያምታታሉ።

ለማረጋገጥ ጎበጥ ያለውን ገጽ ይዩ፤ በአፍ ውስጥ ወደ ምላስ የሚዞረው እሱ ነው። በኢናሜሉ (በጥርሱ ጠንካራ አብረቅራቂ ሽፋን) እና በሥሩ መካከል የቅስት ቅርጽ ያለው፣ ከኢናሜሉ የደበዘዘ ቀበቶ መኖር አለበት። ጥርሱ ቀጭንና መርፌ መሰል ከሆነ፣ በዚያው ገጽ ላይም ደቃቅ ቁመታዊ መስመሮች ካሉት ግን ስትሪያቶላምያ የሚባል ሌላ የጠፋ ሻርክ ነው።

አለት ሰባሪ
በመለየቱ እስማማለሁ። እውነተኛነቱን በተመለከተ ግን «እውነት ወይስ ሐሰት» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። ሙሉ በሙሉ ከሬዚን (ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) የተሠራ የኦቶደስ ጥርስ ብዙም አያጋጥምም፤ ጥርሱ ራሱ ርካሽ ነው። የሚያጋጥመው ኢናሜሉ እውነተኛ ሆኖ ሥሩ በአሸዋና በሙጫ የተሠራ ወይም ከሌላ ጥርስ የተለጠፈ ነው።

ስለዚህ ሉፑን መጀመሪያ ኢናሜሉና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያድርጉ። እውነተኛ ከሆነ ስንጥቆች ከኢናሜሉ ተነሥተው ሳይቋረጡ ወደ ሥሩ ሲያልፉ ይታያሉ፤ ሥሩም ላይ ሥርዓት የሌላቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ የደም ሥር መግቢያዎች ነበሩ። በሥሩ ገጽ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ተሰግስጎ፣ ክብ የአየር ቋጠሮ፣ የሚያብለጨልጭ ስፌት ወይም የብሩሽ ጭረት ካዩ ግን ያ ክፍል የሰው እጅ ሥራ ነው። የጎን ሾጣጣዎቹንም እንዲሁ ለየብቻ ይመርምሩ፤ ከሌላ ጥርስ ተቆርጠው ይለጠፋሉ።

ቀጥሎ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአሴቶን አርሰው አሸዋው ላይ 30 ሰከንድ ይያዙ። ቅንጣቶቹ ከለሰለሱ አሸዋው በሙጫ የተጋገረ ነው። ይህ ጥርሱን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ደህና ጥርስም ለማማሪያ እንዲህ አሸዋ ላይ ይለጠፋል። ጥጡ ስለተጣበቀ ብቻም አይደንግጡ፤ እንዳይፈረካከስ ማጠንከሪያ የተቀባ እውነተኛ ሥርም እንዲሁ ያደርጋል። ወሳኙ ከቅባቱ ሥር የሚወጣው ነገር ነው፦ ባለቀዳዳ የጥርስ ሥር ወይስ ልል አሸዋ?

ሚዛን
ትኩስ መርፌ መውጋት የሚል ምክር ካዩ ይተዉት፤ ሬዚንን ያቀልጣል፣ ማጠንከሪያ የተቀባ ሥርንም ያበላሻል። ሆምጣጤም አይሆንም። የጥርሱ ማዕድን አፓታይት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል።

አሸዋው በሙጫ የተጋገረ ከሆነና ጥርሱን ማውጣት ከፈለጉ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሴቶን ላይ ዘፍዝፈው ይክደኑት። ፕላስቲክ ዕቃ ሊቀልጥ ይችላል። መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ።

ሲደርቅ ይመዝኑት። ከዚያ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉ፤ ጥርሱን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ብርጭቆውን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁ። የሚነበበው ግራም የጥርሱ ይዘት በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ለምሳሌ ደረቁ 18.6፣ በውኃ ንባቡ 6.6 ከሆነ እፍጋቱ (18.6 ለ6.6 ሲካፈል) 2.8 ገደማ ነው፤ ለቅሪተ አካል የሚጠበቅ ነው። ንጹሕ ሬዚን 1.2 አካባቢ ይቀራል። የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ስለሚያሳንስ በብሩሽ ያራግፉት። ደግሞ ይህ ዘዴ ግማሹ የተሠራን ሥር አያጋልጥም፤ የአሸዋ እፍጋት ከጥርስ ብዙም አይርቅም። ለዚያ ዳኛው ሉፑ ነው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የሥሩ የቀኝ ክንፍ ቀዳዳዎች አሉት፤ ስንጥቅም ከኢናሜሉ ይዘልቅበታል። የግራው ክንፍ ጫፍ ግን በአሴቶን ለስልሶ አሸዋ ወጣው። አውልቄ ልጣለው?

አለት ሰባሪ
አያውልቁት፤ የተሰበረውን ክንፍ ለመሙላት የተሠራ ነው፤ ሲያወልቁት የቀረውን እውነተኛ ሥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ወረቀቱን ብቻ ይቀይሩ፦ «ኦቶደስ ኦብሊከስ፣ ሞሮኮ (እንደ ሻጩ)፣ የሥሩ የግራ ክንፍ ጫፍ የተሞላ»። ኩሪብጋ ብለው አይጻፉ፤ ሻጩ ሞሮኮ ከማለት አላለፈም።